ጋሽ ሙቁና የቲቢው ዘመድ

ትክክለኛ ስሙን የሚያውቅ ሰው የለም ቢባል ብዙም ውሸት አይደለም። ስም ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው። ሰው ወደ ሻወር ክፍሉ ይገባል፣ ልብሱን ያወልቃል፣ ቧንቧውን ይከፍታል፣ ቀዝቃዛው ጀርባው ላይ ሲያርፍ ጊዜ ይጮሃል፤ "ጋሼ! ሙቁ! ሙቁን ልቀቀው እንጂ!" ስምንት ክፍል ነው ያለው፣ ከስምንቱም "ጋሼ! ሙቁ!" ይባላል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲባል ሲባል ሰውየው ጋሽ ሙቁ ሆኖ ቀረ።

ሻወር ቤቱ አራት ክፍል የወንድ፣ አራት ክፍል የሴት ነው። መሐል ላይ ትኬት የሚቆረጥባት ጠባብ መስኮት አለች፤ ከኋላ ደግሞ ቦይለሩ። ቦይለሩ ላይ ሁለት ትናንሽ መብራት አለ። ቀዩ ሲበራ ውሃው ገና ነው፣ አረንጓዴው ሲበራ ደርሷል። የጋሽ ሙቁ ሥራ እንግዲህ ፎጣ ማጠብ፣ ፎጣ ማጠፍ፣ ወለል መጥረግ፣ መብራቱን እያዩ "ግቡ!" ማለት ነው። ይሄን ማንም ይሠራዋል። እሱ ብቻ የሚችለው ግን አንድ ሥራ አለ።

የሻወሩ ራስ፣ ያ ወንፊት የሚመስለው ነገር፣ ቶሎ ይደፈናል። ውስጡ ነጭ ቅርፊት ይሠራል፤ ከቅርፊቱ ሥር ደግሞ እጅ ላይ የሚያሟልጭ ልጋግ የመሰለ ነገር ይይዛል። ሌላው ሰው በሽቦ ይጎረጉረዋል። ጋሽ ሙቁ ሽቦ አይወድም። "ሽቦ ቀዳዳውን ያሰፋዋል፤ ከዚያ በኋላ ውሃው አይረጭም፣ ይሸናል እንጂ!" ይላል። እሱ ምን ያደርጋል መሰላችሁ? ራሱን ይፈታዋል፣ በኋላው በኩል አፉን ይገጥምበታል፣ ጉንጩን እንደ መለከት ነፊ ይነፋና እፍ! ቀዳዳው ሁሉ በአንዴ ብትን ይላል። እምቢ ካለው ደግሞ ይመጠዋል፤ መጦ መጦ ጥግ ላይ እንትፍ። በቀን ሁለት ጊዜም ሦስት ጊዜም ያደርገዋል። ትኬት ቆራጯ በመስኮቷ አንገቷን አውጥታ፣

"አንተ ሰው፣ ከሚስትህ ይልቅ እኮ እነዚህን ሻወሮች ነው የሳምከው!" ትለው ነበር።

"እነሱ አይጨቀጭቁኝማ!"

ሚስቱ በሕይወት እያለች ነበር ይሄ ቀልድ። ከሞተች በኋላ ትኬት ቆራጯ ቀልዱን ተወችው፤ አዝና ነው፣ ደግ አስባ ነው። እሱ ግን ቀልዱ ናፍቆት ቀረ። እንዴት ብሎ ድገሚልኝ ይበላት?

ሳሉ ሲጀምረው ሳል ብቻ ነበር። ሰው ሁሉ ይስላል። ከዚያ ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ በሳ፤ ከወር በኋላ ሌላ በሳ። ደረጃ ሲወጣ እንደ አሮጌ ቦይለር ማለክለክ ጀመረ። ሰፈር ያለው ጤና ጣቢያ ሄደ፣ አክታውን ሰጠ፣ በማይክሮስኮፕ አዩት፣ ቀያይ ዘንጎች ተገኙ። "ቲቢ ነው" አሉት። ማንም ቢሆን ያንን ያየ ቲቢ ነው ይላል፤ ስለዚህ እነሱ ላይ ምንም አይፈረድም።

ያኔ የሚኖረው አንድ ልጁ ቤት ነበር። ልጁ አናጢ ነው ያገባችው፤ የሰባት ወር እርጉዝ ናት። ጋሽ ሙቁ ከጤና ጣቢያ ሲመለስ ወሬው ቀድሞት ነበርና አማቹ በር ላይ ቆሞ ጠበቀው። አናጢው ዝምተኛ ነው፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ አንድ ወንበር ሠርቶ ከመጨረስ የበለጠ ጊዜ ይፈጅበታል። ኮፍያውን አውልቆ በእጁ እያሻሸ፣

"አባባ... እኔ እንኳን... እርስዎን... ብቻ ሕፃኑ ሲወለድ..." አለ።

ጋሽ ሙቁ አላስጨረሰውም። ኩራተኛ ነው፤ ሳያባርሩኝ ልሂድላቸው የሚል ዓይነት ሰው።

"ገባኝ ልጄ፣ ገባኝ! አትጨነቅ። ጀርም የለበትም የሚል ነጭ ወረቀት ይዤ ካልመጣሁ በዚህ በር አልገባም። በሚስቴ መቃብር!"

"አባዬ፣ ምን ዓይነት መሐላ ነው እሱ?" አለች ልጁ ከውስጥ። እሱ ግን ፌስታል እየፈለገ ነበር፤ ሦስት ሸሚዝ፣ አንድ ጃኬት፣ የሚስቱን ፎቶ አጨቀበትና ወጣ።

ከቦይለሩ ጀርባ የዕቃ ክፍል ነበረች። ሳሙናና መጥረጊያ የሚቀመጥባት ናት፤ አልጋ ሲገባባት ለእግር መቆሚያ እንጂ መሄጃ የላትም። ግድግዳዋ ሁልጊዜ ሙቅ ነው። እዚያ ገባ። የራሱን ኩባያና ማንኪያ ለየ፤ ማንም እንዳይነካበት ማንኪያው እጀታ ላይ ቀይ ክር አሰረበት። ማን ሊነካበት? ሰው አይገባበትም እኮ። ግን አሰረ።

ክፍሏ አንድ ጥሩ ነገር አላት። በግድግዳው ውስጥ ድምፅ ይገባል። አንዱ ሲያፏጭ፣ አንዱ ከራሱ ጋር ሲጣላ፣ ሴቶቹ "ጀርባዬን እሺኝ" ሲባባሉ ይሰማል። ጋሽ ሙቁ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ ኪኒኑን እየዋጠ፣ ለማያውቁት ሰዎች መልስ ይሰጣል። አንዱ ከወዲያ "ኧረ ይሄ ሳሙና የት ገባ?" ሲል፣ እሱ ከወዲህ ዝቅ ብሎ "ከእግርህ ሥር እየው፣ ሁሌም እዚያ ነው" ይላል። ማንም አይሰማውም።

የልጅ ልጁ ተወለደች። ሴት ናት። ጋሽ ሙቁ "ጠብታ" አላት፤ ቤት ውስጥም ጠብታ ተባለች። ልጁ በየእሁዱ ጠዋት ሕፃኗን ታቅፋ ትመጣና ከመንገዱ ማዶ፣ ከመብራት ምሰሶው ሥር ትቆማለች። እሱ ከሻወር ቤቱ በር ላይ፣ ከፕላስቲኩ መጋረጃ ሥር ይቆማል። ከኋላው እንፋሎቱ ቡልቅ እያለ ይወጣል። በመሐላቸው መኪና ያልፋል።

"አባዬ! ክብደቷ ጨመረ!"

"እ?"

"ክብደቷ! ጨመረ አልኩህ!"

"እሰይ! አንቺስ? በልተሻል?"

ይሄ ነው የጠብታና የአያቷ ትውውቅ። እያደገች ስትመጣ እጅ ማውለብለብ ተማረች። ከምሰሶው ሥር ሆና ትንሽ መዳፏን እያርገበገበች "ጭስ! ጭስ!" ትላለች። ስም አወጣችልኝ ብሎ ሳምንቱን ሙሉ ለትኬት ቆራጯ አወራላት። "ለዓለም ሙቁ ነኝ፣ ለሷ ጭስ ነኝ!"

የቲቢውን መድኃኒት ስድስት ወር ዋጠ፤ ጨረሰ። ሳሉ ግን እዚያው ነው። አክታው ሲታይ ዘንጎቹም እዚያው ናቸው። ጤና ጣቢያው ግራ ገባው፣ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ላከው። እዚያ አክታውን ዘርተው አበቀሉት። አዎ፣ ጀርም እንደ ዘር ይዘራል! ግን ይሄኛው እንደ ጎመን ቶሎ አይበቅልም፤ ሳምንታት ይፈጃል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለውን ምክር የሰማ ጀርም ነው። ውጤቱ ሲደርስ ሐኪሟ አስጠራችው። ወጣት ናት፣ ልጁን ታክላለች፤ ስታወራ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ ታሽከረክራለች።

"አባባ፣ የያዝዎት ቲቢ አይደለም።"

"እሰይ!"

"የቲቢ ዘመድ ነው።"

"ውይ!"

"መልኩ አንድ ነው፤ ለዚያ ነው መጀመሪያ የተምታታው። ይሄኛው ግን የሚኖረው ውሃና አፈር ውስጥ ነው። ቧንቧ ውስጥ ይለጠፋል። ክሎሪንም እንደ ሌላው አይገድለውም። ብዙ ሰው በየጊዜው ይተነፍሰዋል፣ ምንም አይሆንም። አንዳንድ ሳንባ ላይ ግን ጎጆ ይሠራል። ሽፋኑ ሰም የተቀባ ያህል ነው፣ መድኃኒት ቶሎ አይገባበትም። ሥራዎ ምንድነው?"

ጋሽ ሙቁ ስለ ሥራው ሲጠየቅ ደስ ይለዋል። ስለ ቦይለሩ ነገራት፣ ስለ ስምንቱ ክፍል ነገራት፤ ከዚያ እጁን ጨብጦ እንደ ሻወር ራስ አድርጎ አፉን ገጠመበትና እፍ ብሎ አሳያት። እስክሪብቶዋ ቀጥ አለች።

"ስንት ዓመት?"

"ሃያ ሁለት።"

"ከየት እንደገባብዎት መማል አልችልም" አለች ቀስ ብላ። "ግን መንፋቱን ዛሬውኑ ይተዉ። ከእንፋሎቱም ይውጡ። ሌላ ሥራ ይፈልጉ።"

"እሺ። ለሰው አስተላልፋለሁ?"

"ይሄ ዝርያ ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ አላየንም። የልጅ ልጅ አለችኝ አላሉም? ሄደው ይቀፏት።"

ይሄን ቃል ሌላ ሰው ቢሰማ እየበረረ በሄደ ነበር። ጋሽ ሙቁ ግን ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ አሰበበት። ዘመድ ነው አለችኝ። ዘመድ ደግሞ ቤቱን ያውቃል፣ ሳይጠሩት ይመጣል። ደግሞ ወረቀቱን አየው። ነጭ አይደለም፤ "ጀርም ተገኝቷል" ይላል። በሚስቱ መቃብር ምሎ ጀርም ተገኝቷል የሚል ወረቀት ይዞ በር ያንኳኳ? አይሆንም። በሚቀጥለው እሁድ ልጁ መንገዱን ልታቋርጥ አንድ እግሯን አስፋልቱ ላይ ስታሳርፍ እጁን ዘርግቶ አስቆማት።

"አባዬ፣ አይተላለፍም ብላለች እኮ! አንተው ነህ የነገርከኝ!"

"ወረቀቱ ይምጣ! ወረቀቱ ሲነጻ!"

ጠብታ ከእናቷ እቅፍ ሆና እንፋሎቱን ታያለች።

ሐኪሟ ሦስት ዓይነት መድኃኒት ሰጠችው። ስትሰጠው ሦስቱንም መዳፏ ላይ አድርጋ ነው ያሳየችው፤ ቀዩ እንክብል፣ ቢጫው ትንሽ፣ ነጩ ትልቅ። "ሦስቱ አብረው ነው አባባ። አንዱን ለይተው እንዳይተዉ። የማይስማማዎት ካለ እኔ ጋ ይምጡ፣ ራስዎ አይወስኑ። ዓይንዎ ደብዘዝ ካለ፣ ቀለም ከተምታታብዎት ደግሞ በዚያው ቀን።"

"እሺ" አለ። እሺ ማለት ለሱ ምን ይገደዋል?

ሆኖም መንፋቱን እውነትም ተወ። ሽቦ ገዝቶ እየተራገመ ይጎረጉር ጀመር። ከሻወር ቤቱ መውጣቱን ግን አልሞከረውም። የት ሊሄድ? እዚያች ግድግዳ ውስጥ የሚያፏጩት ሰዎች ናቸው የቀሩት ወገኖቹ።

መጀመሪያ ነገር ያመጣው ቀዩ ነው። ያ እንክብል ሽንትን ቀይ ያደርጋል፤ ይሄን መድኃኒት የምታድለው ሲስተር አስቀድማ ነግራዋለች፣ አልደነገጠም። ግን ላብንም ይነካል። ቦይለሩ አጠገብ ቆሞ ሙሉ ቀን ፎጣ የሚያጥፍ ሰው ደግሞ ላቡ ፎጣው ላይ ነው የሚንጠባጠበው። ፎጣዎቹ ነጭ ናቸው። አንድ ጠዋት አንድ ወፍራም ደላላ እርጥብ ራሱን ይዞ፣ ፎጣውን በሁለት ጣት አንጠልጥሎ መጣ።

"ጋሼ፣ ይሄ ፎጣ ካሮት በልቷል እንዴ?"

ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። ጋሽ ሙቁም ሳቀ። ፎጣው ላይ ብርቱካንማ ነጠብጣብ ነበር፤ በሳሙና አሸው፣ አልለቀቀም። የሻወር ቤቱ ባለቤትም ሰማና "ፎጣው ዝጓል አሉኝ፣ ምንድነው?" ብሎ ላከበት። ነጭ ፎጣ ደግሞ የጋሽ ሙቁ ክብሩ ነው፤ በሃያ ሁለት ዓመት አንድ ሰው ፎጣህ ቆሸሸ ብሎት አያውቅም። በማግስቱ ቀዩን እንክብል መዳፉ ላይ አስቀምጦ አየው። ከዚያ በቆርቆሮ የሳሙና ሳጥን ውስጥ ጣለው። አልወረወረውም፤ መድኃኒት አይወረወርም። አስቀመጠው።

ቀጥሎ ቢጫው። ከወራት በኋላ ነው። መብራቱን ያያል፣ "ግቡ!" ይላል፣ ሰዎች ይገባሉ፣ ወዲያው ከአራት ክፍል እሪታ ይቀልጣል። ውሃው በረዶ ነው!

"አንተ ሰው፣ ልትፈጃቸው ነው?" አለች ትኬት ቆራጯ። "ቀይ እኮ ነው የበራው!"

"አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። ልቀልድባቸው ብዬ ነው።"

እየቀለደ አልነበረም። ቀዩና አረንጓዴው አንድ ሆነውበት ነበር፤ ሁለቱም እንደ ጭቃ። ሐኪሟ "በዚያው ቀን" ያለችው ትዝ አለው። ግን ዓይኔ ቀለም አይለይም ብሎ ሲነግራት ይታየዋል፤ እሷ "አሁንም ቦይለሩ ጋ ነዎት?" ትለዋለች፣ ሥራውን ታስተወዋለች፣ ሥራው ሲቀር ክፍሏም ትቀራለች፣ ግድግዳውም ይቀራል። ስለዚህ ቢጫውን ወደ ሳሙና ሳጥኑ ላከው። ዓይኑ ከሳምንታት በኋላ ጠራለት። እዩልኝ፣ አለ በልቡ፣ እኔም ትንሽ ሐኪም ነኝ።

ነጩን ግን! ያንን አፍ የሚያመርረውን፣ ውሃን ሁሉ የብረት ጣዕም የሚያደርገውን፣ አንድ ቀን አላጓደለም። ጠዋት ጠዋት ፎጣ ከማውጣቱ በፊት የሚስቱን ፎቶ እያየ ይውጠዋል። ሲስተሯ በየወሩ "አባባ፣ መድኃኒቱን እየወሰዱ ነው?" ስትለው "አንድ ቀን አጓድዬ አላውቅም!" ይላታል። ሲላት ደግሞ እየዋሸ አልመሰለውም።

ጉዱ ምንድነው፣ ተሻለው። ሳሉ ቀነሰ፣ ቀበቶው አንድ ቀዳዳ ተመለሰ። ጃኬቱን አጠበና እንፋሎት እንዳይነካው በላስቲክ ጠቅልሎ ሚስማር ላይ ሰቀለው። ነጩ ወረቀት የሚመጣ ቀን የሚለብሰው ነው። ትኬት ቆራጯ ልብሱን አይታ "ልትዳር ነው እንዴ?" ብትለው፣ "ልታረቅ ነው" አላት። ከማን ጋር እንደሆነ አልጠየቀችም፤ ታውቃለች።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ? ሳሉ ተመለሰ። ያውም ደም ይዞ። ፎጣ እያጠፈ ሳለ መጣበትና የመጀመሪያዋ ቀይ ነጠብጣብ ፎጣው ላይ ስታርፍ፣ የእንክብሉ መስላው ነበር። እንክብሉን ከተወ ግን ዓመት ሊሞላው ነው።

አክታው እንደገና ተዘራ። እንደገና ሳምንታት ተጠበቀ። ጃኬቱን ለብሶ ነው የሄደው፤ ሰው ተስፋ አይቆርጥም። ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አላሽከረከረችም።

"አባባ፣ ጀርሙ መድኃኒቱን ተላምዷል። ዋናውን፣ ነጩን። ከእንግዲህ እሱ ምንም አያደርገውም። እንዴት ሊሆን ቻለ? ሦስቱንም እየወሰዱ ነበር?"

ጋሽ ሙቁ ከጃኬቱ ኪስ የሳሙና ሳጥኑን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ከፈተው። ቀይና ቢጫ፣ እስከ አፉ ሙሉ፤ ትንሽ የሳሙና ሽታ አለው። ለምን ይዞት እንደመጣ እሱም አያውቅም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ሰምቶ ያደገ ሰው፣ መድኃኒቱን ራሱ ሲደብቅ ከረመ።

ሐኪሟ ሳጥኑን ብዙ አየችው። አልጮኸችበትም፤ ብትጮህ ይሻለው ነበር።

"ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል አይደል?" አለች። "ሦስት የሰጠሁዎት ለዚያ ነው። ከነዚያ ሁሉ ጀርሞች መሐል ነጩ የማይገድላቸው ጥቂቶች አይጠፉም። እነሱን ቀዩና ቢጫው ነበሩ የሚይዙልን። እርስዎ ሁለቱን ፈቱልኝ፤ ነጩ ብቻውን ቀረ። ደካሞቹን ገደለ፤ ለዚያ ነው የተሻለዎት። እነዚያ የማይሞቱት ግን ቦታውን በሙሉ አገኙት፣ ተባዙበት።"

"እኔ እኮ... ፎጣው እንዳይበላሽ ብዬ ነው።"

ይሄን ሲል ለራሱም ተሰማው። ፎጣ!

"ለምን አልነገሩኝም?"

"ብነግርሽ ከሻወር ቤቱ ታስወጪኝ ነበር።"

"እዚያ ምን አለዎት?"

"ሰው" አለ።

ሐኪሟ ዞር ብላ መስኮቱን አየች። ከዚያ የሚቀጥለውን ነገረችው። መርፌ ይጀመራል፣ መጀመሪያ በየቀኑ፣ ለወራት። ጆሮውን ሊነካው ስለሚችል በየጊዜው ይለካል። ሌሎች ኪኒኖችም አሉ። በጠቅላላው አንድ ዓመት ተኩል፣ ሁለት ዓመት።

"ከዚያ ወረቀቱ ይነጻል?"

"ላይነጻም ይችላል አባባ። አልዋሽዎትም። አንዳንድ ሰው ጀርሙን በልኩ አድርጎ ይዞት ነው የሚኖረው። ትንሿ ስንት ዓመቷ ነው?"

"ሁለት ልትደፍን ነው።"

"እንግዲህ ወረቀቱን እጠብቃለሁ ካሉ ትምህርት ቤት ገብታ ያገኟታል። ላያገኟትም ይችላሉ።"

ሐኪሟ ሳጥኑን ወሰደችበት።

ሻወር ቤቱ ሲደርስ ሴቶች የሚበዙበት ሰዓት ነበር። ክፍሏ ገብቶ አልጋው ላይ ተቀመጠ፤ ግድግዳው ውስጥ አንዷ ትስቃለች። መልስ ሊሰጣት ፈለገ፣ ምን እንደሚል ጠፋው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያወራ የከረመው ከግድግዳ ጋር መሆኑ ያኔ ነው ቁልጭ ብሎ የታየው። ከመንገዱ ማዶ የምትቆም ልጅ አለችው እኮ! አሥር እርምጃ። ኧረ አሥርም አይሆን። መጠበቁ ማብቂያ ቢኖረው ይጠብቅ ነበር፤ ሃያ ሁለት ዓመት ውሃ እስኪሞቅ የጠበቀ ሰው ነው። ግን አረንጓዴ የማይበራበት ቦይለር ፊት ማን ይቆማል?

ፌስታሉን አወጣ። ሸሚዝ፣ ፎቶ፣ ማንኪያዋ። የማንኪያዋን ክር ሊፈታ ሞከረ፤ ቋጠሮው በእንፋሎት ጠብቋል፣ ተወው። የቦይለሩን ቁልፍ ይዞ ወደ ትኬት መስኮቷ ሄደ።

"እንኪ። ለሚመጣው ሰው በሽቦ ጎርጉር በይው። እንዳትነፋ በይው። በጭራሽ!"

ትኬት ቆራጯ ቁልፉን አየች፣ ፌስታሉን አየች፣ ጃኬቱን አየች። ዓይኗ ሞላ። አፏን ያዝ አደረገችና፣

"እና ሳትሰናበታቸው ልትሄድ ነው? ከሚስትህ ይልቅ የሳምከው እኮ እነሱን ነው!" አለችው።

ከስንት ዓመት በኋላ! ጋሽ ሙቁ ሳቀ። ሲስቅ ሳሉ መጣ፣ ሲስል ደግሞ ሳቁ አልቆም አለ፤ ግድግዳውን ተደግፎ ሁለቱን አንድ ላይ ጨረሳቸው።

"እነሱ አይጨቀጭቁኝማ" አለ ሲወጣ።

የልጁ ቤት በር ያው ነው። ቀለሙ ብቻ ተቀይሯል። አንኳኳ፤ ካንኳኳ በኋላ ሦስት እርምጃ ወደኋላ ሄዶ ቆመ፤ ልማድ ነው። የከፈተው አናጢው ነው፣ ፀጉሩ ላይ የእንጨት ፍቅፋቂ አለ።

"ልጄ፣ ወረቀቱ ነጭ አይደለም" አለ ጋሽ ሙቁ ቶሎ ብሎ። "ላይነጻም ይችላል። ሐኪሟ ግን አይተላለፍም ብላለች። እምቢ ካልክ..."

"አባባ... እኔ... መቼ ወረቀት ጠየቅኩ?"

"ያን ዕለት፣ እዚህ በር ላይ!"

አናጢው ኮፍያውን ፈለገ፤ አላደረገም ኖሯል። እጁን አሻሸ። "ያን ዕለትማ... ሳልጨርስ ነው የሄዱት። ሕፃኑ ሲወለድ... እኛ ወደ ጓዳው እንገባለን፣ እርስዎ መስኮት ያለውን ክፍል ይያዙ ልል ነበር። አየር እንዲያገኙ። አልጋውን... አልጋውን ጀምሬው ነበር።"

ጋሽ ሙቁ ፌስታሉን ከእጅ ወደ እጅ አዘዋወረ።

"ሦስት ጊዜ መጥቼ ልነግርዎት... ሲያዩኝ መጋረጃውን ይዘጉታል።"

ልጁ ከውስጥ ሮጣ መጣችና አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። እሱ እጁን ዘርግቶ ቀረ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ ትንፋሹን ይዞ። "ተንፍስ አባዬ" አለችው። "ተንፍስ እንጂ!" ቀስ ብሎ ተነፈሰ።

አልጋው እውነትም መስኮቱ ሥር ነበር። አንጥፈውታል። ማንም ያልተኛበት አልጋ መሆኑ ያስታውቃል፤ እንጨቱ ራሱ በዕድሜ ጠቁሯል፣ አንሶላው ግን የመጀመሪያውን እጥፋት አልለቀቀም። ሁለት ዓመት እዚያ ቆሞ ነበር፣ እሱ ከሳሙናና ከመጥረጊያ ጋር ሲተኛ።

ጠብታ ከእናቷ ቀሚስ ጀርባ አንድ ዓይኗን ብቻ አውጥታ ታየዋለች።

"ጠብታዬ! እኔ ነኝ እኮ፣ ጭስ!"

ተደበቀች።

"አያትሽ እኮ ነው" አለች እናቷ። "እሁድ እሁድ ቻው የምትይው! ሂጂ ሳሚው።"

ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ፤ ልታለቅስ ነው። ጋሽ ሙቁ "ተዪያት፣ ተዪያት" አለና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፣ ጃኬቱን ሳያወልቅ፣ ፌስታሉን ጉልበቱ ላይ አድርጎ። እንግዳ ነው የሚመስለው። ልጁ ለእግሩ መታጠቢያ ውሃ ጥዳ ነበርና ጓዳው ውስጥ ማንቆርቆሪያው መፍላት ጀመረ፤ እንፋሎቱ በበሩ በኩል ቡልቅ ብሎ ወጣ።

ጠብታ ዞረች። ፊቷ በራ። ከእናቷ ቀሚስ ወጥታ ወደ ጓዳው በር ሁለት እርምጃ ሄደችና መዳፏን ከፍ አድርጋ አርገበገበች።

"ጭስ! ጭስ! ቻው ጭስ!"

ልጁ አባቷን አየችው፣ ቶሎ ብላም ዓይኗን ሰበረች። ለካ ያ ሁሉ እሁድ!

ጋሽ ሙቁ ፌስታሉን ወለሉ ላይ አስቀመጠ። ልጅቷ ጀርባዋን እንደሰጠችው ናት፣ ለማንቆርቆሪያው እጇን እያውለበለበች። እሱም ከአልጋው ጫፍ ሆኖ፣ እንደ እሁድ እሁዱ፣ እጁን አንሥቶ አውለበለበላት።

"ነገ ትለምድሃለች አባዬ" አለች ልጁ።

"ነገማ መርፌ አለብኝ።"

"ከመርፌው ስትመለስ።"

"ከመርፌው ስመለስ" አለና ጃኬቱን ማውለቅ ጀመረ።